ስልሳኛው ቃል

ሰኞ፣ 3

ዛሬ ዝርዝሩን አስረከብኩ። ስልሳ ቃል፣ አሥራ አራት ገጽ። የዕፅዋት መናፈሻው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከእጄ ተቀብሎ ቆሞ ገለጠው፤ ቁጭ እንኳ አላለም። "መምህርት፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው" አለኝ። እኔም እንደ ወጉ "ኧረ ምንም አይደል" አልኩ። ውስጤ ግን ሞቅ ብሎታል፣ ምን እዋሻለሁ።

ርዕሰ መምህራችን ነው የላከኝ። ሰውየው እንግሊዝኛ የሚችል መምህር ስጡኝ ብሎ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ሥራው በየዛፉ ሥር ለሚቆመው ሰሌዳ የሚሆኑ ቃላትን ከነአነባበባቸው፣ ከነትርጉማቸው፣ ከየት እንደመጡም ጨምሮ መጻፍ ነው። ሃምሳ ዘጠኙን ሰው ይፈልጋቸዋል። ስልሳኛውን ማንም አልጠየቀኝም።

"ማርሴሰንት።" መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አገኘሁት። ቅጽል ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ ሳይረግፍ ቅርንጫፉ ላይ የሚቆይ ዛፍ ማለት ነው። ላቲኖቹ "ማርኬሬ" ይሉ ነበር፣ መጠውለግ፣ መድከም። ጫፉ ላይ የተቀጠለው ደግሞ ነገሩ ገና መጀመሩን ይናገራል። ስለዚህ ሲፈታ "መጠውለግ የጀመረ" ይሆናል። ሦስት ሲላብል ነው፣ ሲነገር ሦስት ቦታ ይመታል፣ ጠንከር የሚለው መካከለኛው ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው እንዲመች ከጎኑ በእኛ ፊደልም ጻፍኩለት። ለምን ጨመርኩት? እውነቱን እዚህ ላይ ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው፦ ሰውየው "ይህቺ ሴትዮ ታውቃለች" እንዲል ነው።

አባባ እዚያው መናፈሻ አትክልተኛ ነው፣ ከተቀጠረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ። ሥራ አስኪያጁ ልጁ መሆኔን አያውቅም። "አትናገሪ፣ በልጁ በኩል ተጠጋ እንዳይሉኝ" ያለኝ አባባ ራሱ ነው። እኔም አልተከራከርኩትም።

ረቡዕ፣ 5

ችኮላ ላይ ነኝ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።

ትናንት አባባ ወረቀት ይዞ ገባ። የእኔ ወረቀት ነው። ስልሳዎቹ ቃላት ፈተና ሆነዋል። መናፈሻው ውስጥ አራት አትክልተኞች አሉ፣ ሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚቀረው። ከእንግዲህ አትክልተኛው እየኮተኮተ ጎብኚም ያስረዳል ተብሏል። ያልቻለ በምስጋና ይሰናበታል። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፣ በቅርብ ጊዜ ከትምህርት የወጡ፣ ያልፋሉ። የቀሩት አባባና ጋሽ ሰዓቱ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ።

"የኔታ፣ ጉድ ሠራሽን" አለኝ አባባ፣ እየሳቀ። ሲቀልድብኝ የኔታ ነው የሚለኝ። ደወሉ ተደወለ።

አርብ፣ 7

ሥራ አስኪያጁን ሄጄ አነጋገርኩት። ወረቀቱን ለሰሌዳ እንጂ ለፈተና አልጻፍኩትም አልኩት። በትህትና ሰማኝ፤ ይሄ ሰውዬ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"መምህርት፣ ጎብኚ መጥቶ 'ይሄ ምንድነው?' ሲል አትክልተኛው በጣቱ እያሳየ ዝም ይላል። ስታንዳርድ ያስፈልገናል። የእርስዎ ሥራ ደግሞ ስታንዳርድ ሆነልን።"

"እሺ፣ ቢያንስ ስልሳኛው ይውጣ። እሱ ለማንም አይጠቅምም።"

"ኧረ እሱማ ዋናው ነው። ከሌሎቹ ዕጣ እያወጡ ይጠየቃሉ። እሱን ግን አራቱም እኩል ይጠየቁታል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ከባድ ጥያቄ ሲሆን አድልዎ የለም።"

ምን ትላለህ ለዚህ? ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ "አንደኛው ሽማግሌ እኮ 'ፕላንት'ን 'ብላንት' ነው የሚሉት" ብሎ ሳቀ። ክፋት የለውም፣ የወደዳቸው ሰው ሳቅ ነው።

እኔም ሳቅሁ። "ብላንት" የሚለው አባባ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ለምን ሳቅሁ? አፌን የት ነው የጣልኩት? "አባቴ ናቸው" ማለት ሁለት ቃል ነው። ኋላ ግን አባባ ራሱ አትናገሪ ብሎኝ የለ እንዴ አልኩና ተጽናናሁ።

እሑድ፣ 9

ዛሬ ማጥናት ጀመርን። አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እሱ ነበር ፊደል ያስቆጠረኝ፣ አሁን ተገላበጠ።

አሥር ቃል አነበበ። ስምንቱን አረምኩት። እማማ በሕይወት ብትኖር "አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲያስነጥስም ታርሚያለሽ" ትለኝ ነበር።

ይህን ነገር በቀላሉ መውሰድ አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ሁለት ሳምንት ቤት ሲውል አይቼዋለሁ። ከእማማ ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳው መናፈሻው ነው። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ፂሙን አልተላጨም፣ ሬዲዮ አልከፈተም፣ ከሥራ ስመለስ ጠዋት ትቼው በሄድኩበት ወንበር ላይ አገኘው ነበር። "ምን በላህ?" ስለው ያስባል። ያንን ዳግም ማየት አልችልም። ከመናፈሻው ያወጡት ቀን አባቴን ይወስዱብኛል።

ማክሰኞ፣ 11

መምህራን ክፍል። የኬሚስትሪው መምህር ለስፖርቱ መምህር እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "መናፈሻው ሽማግሌዎቹን በፈተና ሊያራግፍ ነው አሉ። ፈተናውን ያወጣችው እዚሁ ያለች ናት።" ስገባ ስለ ኳስ ማውራት ጀመሩ።

ቅዳሜ፣ 15

ጋሽ ሰዓቱም መጡ። ከአባባ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠሩት። እጃቸው ላይ ሰዓት ኖሮ አያውቅም፣ የዛፍ ጥላ አይተው ሰዓት ይናገራሉ፣ አምስት ደቂቃ አይስቱም፤ ስማቸው የወጣው ከዚያ ነው። ለአንድ ቦታ የሚወዳደሩ ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲያጠኑ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይነግረዋል።

ስልሳኛው ላይ ስንደርስ "ስንት ሲላብል ነው?" አልኳቸው።

"ስድስት" አሉ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

"ሦስት ነው።"

ጋሽ ሰዓቱ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው ፊደሎቹን በእርሳስ አንድ በአንድ ነኩልኝ። ማ፣ ር፣ ሴ፣ ሰ፣ ን፣ ት። "ልጄ፣ ስድስት ፊደል ጽፈሽ ሦስት በሉ ትይናለሽ። የቀሩት ሦስቱ የማን ናቸው?"

አባባ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ኋላ ግን ሳስበው ሳቄ ጠፋ። እውነታቸውን ነው። ከልጅነት ጀምሮ አንዱን ፊደል አንድ ድምፅ ብሎ የቆጠረ ሰው ሌላ ምን ይበል? በእኛ ፊደል የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ልርዳ ብዬ ጉድጓድ ቆፈርኩላቸው። "ር"ን፣ "ን"ን፣ "ት"ን ለብቻቸው አትቁጠሯቸው፣ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣብቀው ነው የሚሰሙት ብዬ ሩብ ሰዓት አስረዳሁ። እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጉና ስንቴ እንደሚወርድ ቁጠሩ አልኳቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አገጫቸውን ይዘው "ማርሴሰንት፣ ማርሴሰንት" ሲሉ፣ ጋሽ ሰዓቱ "ጥርስ የሚያማቸው መሰልን እኮ" አሉ።

ጋሼ ሊሄዱ ሲሉ ሁለቱንም በድጋሚ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሰዓቱ ስድስት አሉ። አባባ "አራት… ቆይ" አለ።

እሑድ፣ 16

ጠዋት አባባ "ነይ ላሳይሽ" ብሎ መናፈሻ ወሰደኝ። ደረቁ ወራት ገብተዋል፣ መንገዱ ሁሉ ቅጠል ነው። በጀርባው አጥር በኩል አንድ ዛፍ አለ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ አንድም አልወደቀም። ነፋስ ሲመጣ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

"ይኸውልሽ ቃልሽ" አለኝ። "እኛ ግትሩ ነው የምንለው። አዲሱ ቅጠል ከሥር ገፍቶ እስኪጥለው ድረስ አይለቅም። ደግሞ አስተውይ፣ የሚይዙት የታችኞቹ ቅርንጫፎች ናቸው፣ ጨቅላዎቹ። ከላይ ያሉት ትልልቆቹ ቶሎ ይለቃሉ። ዛፉ ሲያረጅም እየለቀቀ ይሄዳል።"

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። መዝገበ ቃላቱም አላለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ሲጠርግ ያየውን ነው የነገረኝ። "ታዲያ ይህን ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት።

"አልጠየቁኝማ" አለኝ። "የጠየቁኝ ስሙን ነው።"

እዚያው እንደቆምን "እሺ ስንት ሲላብል ነው?" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ዛፉን ትቶ እኔን አየኝና "እቤት ስንገባ" አለኝ።

ሐሙስ፣ 20

ጮኽኩበት። ፈልጌ አይደለም። ስምንት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ አርባ ደብተር አርሜ መጥቼ ነው። "ሲላብሉ ስንት ነው?" አልኩት። ዝም ብሎ ያስባል። "አባባ፣ ይሄ እኮ የሚታሰብ ነገር አይደለም፣ ሦስት ነው፣ ሦስት፣ ሦስት" እያልኩ ጠረጴዛውን በጣቴ ደበደብኩት።

"እሺ የኔታ" አለ ቀስ ብሎ። መነጽሩን አጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተና ውጭ ያለውን የማሰሮ አበባ ሊያጠጣ ወጣ። ቅድም አጠጥቶት ነበር።

አንጀቴን በላው። ሄጄ ይቅርታ ልበለው ብዬ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ይቅርታ ማለት ሲያቅተኝ ሥራ ፈልጌ እገባበታለሁ፤ ገብቼ ሸሚዙን ተኮስኩለት።

ሰኞ፣ 24

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ። ፈታኝ እንድሆንለት ነው የሚፈልገው። "አነባበቡን ከእርስዎ በላይ ማን ይለያል? እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ፣ እርማቱ የእርስዎ ነው።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው ቢቀመጥስ ብዬ አሰብኩ፤ የማያውቃቸው፣ የሚያጣድፋቸው፣ "ብላንት" ሲል የሚስቅ። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ለአባባ ስነግረው ጫማውን እየፈታ ነበር። ማሰሪያውን ፈትቶ ጨረሰ።

"እሺ። የሰማሽውን ጻፊ" አለኝ። "ለሁላችንም የሰማሽውን።"

ረቡዕ፣ 26

ጠዋት ላረፍድ ነው። አባባ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እየተላጨ ቃሉን ለብቻው ይላል። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። "ማርሴሰንት" አለ፣ ጥሩ አድርጎ። ምላጩን በገንዳው ጠርዝ ሦስት ጊዜ መታ። ዝም አለ። ደግሞ አለውና ደግሞ ሦስት ጊዜ መታ። ፂሙ በዝቶበት ነው መሰለኝ፣ ምላጩም ዶልድሟል፣ አዲስ ልግዛለት። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ወጣሁ። በቁጥሩ እንደሚወድቅብኝ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይደነግጣል።

ቅዳሜ፣ 29

ጋሽ ሰዓቱ ዛሬም ስድስት አሉ። "ሦስት ነው ጋሼ" ስላቸው "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አፌ ነው የሚቀድመኝ" አሉ። አባባን አልጠየቅኩትም። ደግሜ ስድስት ቢለኝ የምለውን ስለማላውቅ ነው።

አባባ እስከ ደጅ ሲሸኛቸው ሲያወሩ ሰማሁ።

"አንተ ብታልፍ ይሻላል" አሉት ጋሽ ሰዓቱ። "እኔ እንኳ የምትነዘንዘኝ ሚስት አለችኝ፣ አንተ ከማን ጋር ትውላለህ?"

"ዝም በል እስቲ" አለ አባባ። "ያለፈ ያልፋል። በራሱ።"

ሐሙስ፣ አዲሱ ወር ገብቶ 4

ለፈተናው ሳምንት ቀረው። ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ጠይቄያት ስታስብ መልሱን ራሴ ተናገርኩት። "ቲቸር፣ ልልሽ ነበር እኮ" አለችኝ። ተቀመጪ አልኳት። ሁሉም ልለው ነበር ነው የሚለው።

ማክሰኞ፣ 9

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። አባባ ግን ጥሩ ይተኛል፣ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ትናንት "እንጠያየቅ?" ስለው "ይብቃን፣ ደርሷል" አለኝ። ደርሷል ማለቱ ተስፋ ቆርጦ ይሁን ሰልችቶት አልገባኝም።

ሐሙስ፣ 11

አለፈ።

ፈተናው መሣሪያ ክፍሉ አጠገብ ባለው ጠባብ ቢሮ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ በአንድ በኩል፣ ተፈታኙ ፊት ለፊት። ሥራ አስኪያጁ ለእያንዳንዳቸው ተነስቶ ነው የተቀበላቸው። ወጣቶቹ ገቡ፣ ወጡ፣ አለፉ።

ጋሽ ሰዓቱ ኮት ለብሰው መጡ። ኮት ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። ዕጣ ያወጧቸውን ቃላት ጥሩ አድርገው አነበቡ፣ አንዱን ብቻ ሳቱ። ስልሳኛውን አነበቡ፣ ትክክል። "ከየት መጣ?" "ከላቲን፣ መጠውለግ የጀመረ።" ትክክል። "ስንት ሲላብል ነው?" አልኳቸው። ሳይተነፍሱ "ስድስት" አሉ። ወዲያው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አወቁት። የመጀመሪያው መልስ ነው የሚያዘው ተብሏል። ስህተት ብዬ ጻፍኩ። የሰማሁትን ጻፍኩ። ቀና ስል "አመሰግናለሁ ልጄ" ብለውኝ ወጡ።

አባባ ገባ። የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሷል። "እንደምን ዋላችሁ" አለን፣ ለሁለታችንም፣ እንደማያውቀኝ ሰው። ከዕጣው እሱም አንድ ሳተ። እኩል ናቸው ማለት ነው። ስልሳኛውን "ማርሴሰንት" ሲል መምህራን ክፍል ካሉት ሁሉ አሳምሮ ነው ያለው። ከየት እንደመጣም ተናገረ።

"ስንት ሲላብል ነው?"

ዝም አለ።

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ አየ። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማኛል። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አነሳ፣ ሰዓት ሊይዝ ይሁን ሊጽፍ አላውቅም። እኔ የታየኝ ያ ወንበር ነው፣ ያልተላጨ ፂሙ፣ "ምን በላህ" ስለው ሲያስብ። ስድስት ሊል ነው አልኩ በሆዴ። ሊል ነው።

ጣቴ ወረቀቴ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ መታሁ። ቀስ ብዬ። ሥራ አስኪያጁ የሰለቸኝ መስሎት ይሆናል።

አባባ ዓይኑን ከመስኮቱ አነሳና ጣቴን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ። በጣም ቆየ፣ ከመጀመሪያው ዝምታ ይልቅ ቆየ።

"ሦስት" አለ። ድምፁ ወለሉ ላይ ነው የወደቀው።

ትክክል ብዬ ጻፍኩ።

አርብ፣ 12

ውጤቱ ተለጠፈ። አባባ ይቀራል። ጋሽ ሰዓቱ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ።

ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ፣ ለጋሽ ሰዓቱ የስንብት ዝግጅት እንደሚያደርጉ ነገረኝ። "በአንድ ነጥብ ነው እኮ" አለ፣ እውነቱን አዝኖ። "ግን አድልዎ የሌለበት ፈተና ነበር፣ ምስጋና ለእርስዎ።"

የልቤ ደርሷል፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዕቃ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ።

እሑድ፣ 14

ጋሽ ሰዓቱ እንኳን ደስ አለህ ሊሉ መጡ። ሻይ አፈላሁ። "እንኳን አንዳችን ቀረን" አሉ። "ጀርባው ላይ ያለውን ቧንቧ ተጠንቀቅ፣ ግማሽ ዙር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እነዚያ ልጆች ይሰብሩታል።" ስለ ቧንቧው፣ ስለ ችግኝ ቤቱ መስታወት፣ ስለ ምስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረከቡ። አባባ አንድም ቃል አልመለሰም። እኔ ነበርኩ "እሺ ጋሼ፣ እሺ" የምለው።

"ምነው ዝም አልክ?" አሉት።

"ሆዴን ትንሽ አሞኛል" አለ።

ሲሄዱ ኮታቸውን ረስተው ነበር። ሮጬ ሰጠኋቸው። በሩ ላይ "አንቺ ልጅ፣ ምን አጥፍተሽ ነው የከሳሽው?" አሉኝ። እየቀለዱ ነው። ቀልድ ነው አይደል?

ማክሰኞ፣ 16

አባባ የኔታ ብሎ ከጠራኝ ስድስት ቀኑ። ይበላል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ስጠይቀው ይመልሳል። ራሱ ግን ምንም አይጠይቀኝም። ሥራው በዝቶበት ይሆናል።

ሐሙስ፣ 18

ከሥራ ስገባ አባባ ቤት ነበር። በዚያ ሰዓት ቤት ኖሮ አያውቅም። የሥራ ልብሱን አጥቦ ገመዱ ላይ አስጥቶታል፣ ቦቲ ጫማውም ተጠርጎ በሩ አጠገብ ቆሟል። "አመመህ እንዴ?" አልኩት።

"ቁጭ በይ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ ቦታውን ለእሱ ስጡልኝ ብሎታል። ሰውየው ብዙ ለምኖታል፣ ኋላ እሺ ብሏል። ጋሽ ሰዓቱ ይቀራሉ።

"ጉልበትህ ምንም አልሆነም" አልኩት።

"አልሆነም።"

"ታዲያ ለምን? አባባ፣ ለምን?"

"ጣትሽን አይቼዋለሁ።"

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ለሰባት ቀን። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ላንተ ብዬ ነው፣ አንተን ማጣት ስለፈራሁ ነው፣ ፈተናው ራሱ ግፍ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ወረቀት ነው። ሁሉንም አልኩት። እያለቀስኩ ነው ያልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ምን ነበረበት።

"አንቺን ማንም አያውቅብሽም፣ አትፍሪ" አለኝ።

"እኔን ተወኝ። ስድስት ብትል ኖሮ ያው ነበር እኮ፣ ትወጣ ነበር።"

"ስድስት አልልም ነበር" አለ። "ከወረቀትሽ ላይ ቃሉን ለብቻው ቀድቼ መስታወቱ ጥግ ለጥፌው ነበር። ሁለት ሳምንት ቆጥሬዋለሁ። ሦስት ነው፣ ሦስት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ስጠየቅ እንዳልደነግጥ አንዴ በሆዴ ልበለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ማር፣ አልኩ። ሴ፣ አልኩ። ጣትሽ ቀደመኝ።"

መታጠቢያ ቤት ያለውን መስታወት በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ምንም አላየሁም።

"ታዲያ ካወቅኸው የራስህ ነው እኮ" አልኩት። "በራስህ ነው ያለፍከው።"

"እሱን አሁን ማን ያውቃል? እሱ በአንድ ስህተት ወጣ። እኔ በአንቺ ጣት ቀረሁ። ያወቅሁት ይሁን ያሳየሽኝ ይሁን፣ ለማን ሄጄ ልናገር?"

"ለእኔ ነገርከኝ። እኔ አምንሃለሁ።"

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁ የነገር አልነበረም፣ በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

"እዚያ ተቀምጠሽ፣ ያንን ስትጠይቂኝ፣ ሦስት ይላል ብለሽ አስበሽ ነበር?"

አስቤ ነበር ብል ቀላል ውሸት ነው፣ ሁለት ቃል ነው። አላሰብኩም ነበር ብል እሱ ያውቀዋል። ተቀመጥን። ውጭ ገመዱ ላይ ያለው ልብስ ውኃው ይንጠባጠባል። አባባ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መልሴን ጠበቀ። አላጣደፈኝም፣ መልሱን አልነገረኝም፣ ጊዜ ሰጠኝ፣ እኔ ያልሰጠሁትን ያህል ጊዜ ሰጠኝ። ሲመሽ ተነስቶ መብራቱን አበራልኝና ወደ ክፍሉ ገባ።